ለ75 ግራም ብላችሁ የሳይክል መሪያችሁን እንዳትቀይሩ

ኮርስ ሳይክል የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ሳይክላችሁን ለማቅለል ብላችሁ ርካሽ የካርቦን መሪ (ከካርቦን ክርና ከሙጫ የሚሠራ) ልትገዙ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ። እኔ ከፍያለሁ። ገንዘቤ ቀልጦ ቀረ። ከዚያ የባሰው ግን ለጥቂት መትረፌ ነው።

ማስታወቂያው 145 ግራም ይላል። የእኔ የአሉሚኒየም መሪ 290 ነበር። በግማሽ ይቀልላል ማለት ነው። ፎቶው ላይ የታወቀ አምራች ምልክት ተለጥፎበታል፤ ዋጋው ግን የዋናውን ሩብ እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

ዕቃው ሲደርስ ወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 215 ግራም። ሻጩን ስጠይቀው «ትንሽ ልዩነት ያለ ነው» አለኝ። 70 ግራም ከ145 ላይ ትንሽ አይደለም፤ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እኔም ዝም ብዬ ገጠምኩት።

ሒሳቡን ያኔ ብሠራው ኖሮ አልገጥመውም ነበር። እኔና ሳይክሌ አንድ ላይ 80 ኪሎ ገደማ ነን። ከዚህ ላይ 75 ግራም (የድሮው 290 ሲቀነስ የአዲሱ 215) ቢቀነስ፣ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚተርፈኝ 3 ሰከንድ ገደማ ነው። ኮዳዬን ስሞላ ሁለት ሦስት ጉንጭ ባጎድል ያው ነው።

ሁለት ወር ነዳሁት። አንድ ቀን ከመቀመጫዬ ተነስቼ ዳገት ስገፋ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ፔዳሉ መስሎኝ ቅባት አደረግሁለት። አልጠፋም። ደግነቱ ቤት ስገባ መሪው ላይ የተጠመጠመውን ቴፕ ፈታሁት። የመሪው አንገት (መሪውን ከሳይክሉ ጋር የሚያያይዘው) ከሚይዘው ቦታ አጠገብ ፀጉር የምታክል መስመር አለች። ጥፍሬን ሳስኬድባት ያዝ አደረገችኝ። በአውራ ጣቴ ስጫነው አፏን ከፈተች፤ ውስጡ ሙጫ በደንብ ያልጠጣ ደረቅ ጥቁር ክር ይታያል። በዚያው ቀን ጠዋት ቁልቁለት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወርጄበታለሁ።

ካርቦን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በደንብ ከተሠራና ከተፈተሸ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ክሩ እንዴት እንደተደራረበ፣ ሙጫው በትክክል እንደያዘው ከውጭ አይታይም። ቀለሙ ሁሉንም ይሸፍነዋል። አሉሚኒየም ሲመታ ብዙ ጊዜ ይጎብጣል፣ ታዩታላችሁ። ካርቦን ግን ደህና መስሎ ይቆይና ድንገት ጧ ይላል።

ሻጩ ምን አለ? «ቡሎኑን አብዝተህ አጥብቀኸው ነው።» በ5 ኒውተን ሜትር፣ በመለኪያ ቁልፍ ነው ያጠበቅሁት፤ መሪው ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። ፎቶ ላክሁለት። ከዚያ ወዲያ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ማቅለል ከፈለጋችሁ ከጎማ ጀምሩ። የተለመደው የውስጥ ጎማ 100 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ቲፒዩ ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከ40 አይበልጥም። ሁለቱን ስትቀይሩ ከ100 ግራም በላይ ይቀንስላችኋል፤ ከእኔ መሪ ይበልጣል ማለት ነው። ፍሬናችሁ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ግን ቸርኬው በረጅም ቁልቁለት ላይ ስለሚግል፣ የውስጥ ጎማው አምራች ለዚህ ፍሬን መፍቀዱን አረጋግጡ። የውጭ ጎማችሁ ጠርዙ ሽቦ ከሆነ በሚታጠፈው ለውጡት። መሪ፣ የመሪ አንገት፣ ሹካና የመቀመጫ ዘንግ ግን ሰውነታችሁን የሚሸከሙ ናቸው። እነሱን የምትገዙ ከሆነ ሻጩን አይኤስኦ 4210 የሚባለውን የሳይክል ደህንነት ፈተና ማለፉን ጠይቁት። ከተንተባተበ ተዉት።

ገዝታችሁ የገጠማችሁ ካላችሁ አደራ፣ ዛሬውኑ ቴፑን ፍቱት። አንገቱ የሚይዝበትን ቦታና የፍሬኑ እጀታ የታሰረበትን በባትሪ እያበራችሁ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ስንጥቅ ካገኛችሁ በሙጫ አትለጥፉት፣ ለሌላ ሰውም አትሽጡት። እኔ የእኔን በመጋዝ ለሁለት ቆርጬ ጣልኩት።