የሐኪም ተራራ የማለዳ የፎቶ ጉዞ፦ ቦታው ሙሉ፣ ሰዓቱ ጎዶሎ

ከሐረር በስተደቡብ ያለው የሐኪም ተራራ ጀጎልን፣ አሮጌዋን የሐረር ከተማ፣ ከነግንቡ አንድ ፍሬም ውስጥ የሚያስገባ ሰገነት ነው። አንድ የፎቶ ክለብ የሚያዘጋጀው የቡድን ጉዞ ወደዚያው ነው። አቀበቱ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን ይባላል፣ የቀረ ሰው ሲጠበቅ 11 ተኩል ያልፋል። ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ብርሃን ጣሪያዎቹ ላይ ሲያርፍ ግማሹ ቡድን ገና ትራይፖድ ተሸክሞ ያለከልካል።

መሪዎቹ ግን ብርሃኑን ያውቁታል። ካሜራው ወደ ሰሜን ስለሚዞር የማለዳ ፀሐይ ከቀኝ ገብታ ግድግዳዎቹን በብርሃንና በጥላ ትከፍላቸዋለች። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስና ሰማዩን የሚያጠቁር የሌንስ ማጣሪያ) ከሁሉ የበለጠ የሚሠራውም ፀሐይ እንዲህ በ90 ዲግሪ ጎን ስትሆን ነው። በታኅሣሥና በጥር ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በሰያፍ ከኋላ ታበራለች፤ ምርጡ ወቅት ይኼ ነው። በሰኔ ወደ ሰሜን ሸሽታ በሰያፍ ከፊት ስለምትመጣ፣ የሌንስ ኮፍያ ያልያዘ ሰው ፎቶው ነጣ ብሎ ይወጣበታል።

የክለቡ የዕቃ ዝርዝር «ሰፊ ሌንስ» ማለቱ ስሕተት ነው። በ24 ሚሊሜትር ከተማዋ ከሰማይና ከቁጥቋጦ መሃል ቀጭን መስመር ሆና ትቀራለች። የሚያስፈልገው ከ70-200 ሚሊሜትር አቅራቢ ሌንስ ነው፤ የጃሚዕ መስጊድን ሁለት ሚናራዎች ከጣሪያዎቹ ነጥሎ የሚያወጣው እሱ ነው። ትራይፖድ ላይ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ የ2 ሰከንድ ታይመር፤ የሌንሱ ማረጋጊያ ይጥፋ። ነፋስ ካለ የትራይፖዱን የመሃል ዘንግ ከፍ አለማድረግ፣ ቦርሳውንም መሬት እስኪነካ ድረስ ከሥሩ ማንጠልጠል ነው፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ራሱ ይወዛወዛል። በ200 ሚሊሜትር በእጅ የሚያነሳ ሰው ሹተሩን ከ1/200 ሰከንድ እንዳያዘገየው።

ተራራው በስማቸው የተጠራው ወሊ የአው ሐኪም መቃብር ዘንድ ጫማ ይወልቃል፣ ሳያስፈቅዱ ካሜራ አይነሳም። መሪዎቹ ይህን የሚናገሩት ላይ ከደረሱ በኋላ ነው፤ ታች ቢናገሩት ማሰሪያው የበዛ ቦቲ ያጠለቀ ሁሉ ባልተንገላታ።

በጨለማ ከቡድኑ ተነጥሎ መቅረት አይመከርም፤ የሐረር ጅብ ሰው ቢለምድም ጅብ ነው። የግንባር መብራት የራስን ይዞ መሄድ ይሻላል፣ ክለቡ የሚያመጣው ለሁሉ አይዳረስም። ቁልቁለቱ ልቅ ጠጠር ስላለው ካሜራው አንገት ላይ ሳይሆን ቦርሳ ውስጥ ይግባ።