ባለ አምስት ክፍል የኪራይ ቤት፦ ከ15 ወር በኋላ

ስለ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል።

አምና የካቲት ደብረ ብርሃን ዳር ላይ፣ በአንድ ግቢ የተደረደሩ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች በ2 ሚሊዮን ብር ገዛሁ። የ12 ዓመት ቁጠባ፣ ሁለት እቁብና የባለቤቴ ወርቅ ገብቶበታል። ደላላው ስልኩን አውጥቶ አሰላልኝ፦ "አምስት ክፍል በ2,500፣ በወር 12,500፣ በዓመት 150,000። ተኝተህ ትበላለህ!" ግቢው ጥርግ ያለ፣ መሬቱ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ነበር። በየካቲት የማይደርቅ ምን አለ?

ሐምሌ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሽንት ቤቱ ገንፍሎ ደጃችን ደርሷል።"

መምጠጫ መኪና ጠራሁ፣ 3,500 ብር። በ16 ቀኑ እንደገና ሞላ። እስከ መስከረም ድረስ አምስት ጊዜ አስመጠጥኩ፤ 17,500 ብር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል እንጂ ተከራዮቹን ነበር የጠረጠርኩት። ማን እንግዳ እንዳሳደረ፣ ማን ብዙ ልብስ እንዳጠበ መቁጠር ጀምሬ ነበር። ሁለቱ ሽታው መሯቸው ለቀቁ፤ ክፍሎቹ ሁለት ወር ባዶ ከረሙ። ሌላ 10,000 ብር።

እንቆቅልሹን የፈታው ከእነዋሪ ለለቅሶ የመጣው ገበሬው አጎቴ ነው። ግቢውን አንዴ ዞሮ ሳቀብኝ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ዋልካ ነው። እኛ ስንዴው ውሃ እንዳይተኛበት መደቡንና ቦዩን በእጃችን እናወጣለን፤ አንተ እዚህ ላይ ጉድጓድ ቆፍረህ ይሰርጋል ብለህ ትጠብቃለህ?" ከዚያ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። የአምስቱም ክፍል አሸንዳ ውሃውን የሚያፈሰው ጉድጓዱ አጠገብ ነበር። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ውሃ ወደ ታች ቶሎ አያሰርግም። ጉድጓዱ ደግሞ እንዲያው በድንጋይ የተካበ እንጂ ሲሚንቶ አልነካውም። ከላይ የጣሪያው፣ ከጎን የመሬቱ ውሃ ይገባል፤ የሚወጣበት የለም። ለካ 17,500 ብር ከፍዬ ያስመጠጥኩት ዝናብ ነው!

ደላላው እዚህ ቢሆን "ባንክ ብታስቀምጠው ምን ታገኝ ነበር?" ይለኛል። ላስላልሃ ወንድሜ፤ በሰባት በመቶ ወለድ 140,000 ብር። ቤቱ በመጀመሪያው ዓመት ከመምጠጫና ከባዶ ክፍል የተረፈው 122,500 ነው፤ የኪራይ ገቢ ግብሩ ሳይነሳ። ባንክ ደግሞ በሌሊት አይደውልም። "የቤቱ ዋጋ ይጨምራል" ትለኛለህ። ካልሸጥኩት ጭማሪውን በምን እበላዋለሁ? "ኪራይ ጨምርባቸው" ማለትህም አይቀርም። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ተፈጻሚ በሚሆንበት ከተማ ጭማሪ እንደ አከራዩ ደስታ አይደለም፤ ውሉም ከሁለት ዓመት አያንስም። ደግሞስ ደጃቸው ፍሳሽ እየተንጣለለ በምን ዓይኔ አይቼ ልጨምር?

መብራቱ፣ ውሃው፣ በሩ ደህና ነው። ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ተከራይ አለችኝ፤ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ቀን ትከፍላለች። ሁሉም ነገር እንደሷ ቢሆን ይህን ባልጻፍኩ።

ታኅሣሥ ላይ አዲስ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፤ ግድግዳውም ወለሉም በሲሚንቶ የተለሰነ፣ አፉ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ባለ ኮንክሪት ክዳን። አሸንዳውን ወደ ውጭው ቦይ አዞርኩት። 96,000 ብር ወጣ፤ ከሰባት ወር ኪራይ በላይ ነው። በእርግጥ አሁንም መመጠጡ አይቀርም፤ ቢያንስ የምከፍለው ለዝናብ አይሆንም።

ባለቤቴ "ሸጠን እንገላገል" ትላለች። ሁለት ሚሊዮን የከፈልኩበትን ቤት ምናልባት እሸጠው ይሆናል፤ ጉድጓዱን ግን ለሰው አልሰጥም። እንግዳ ሲመጣ ክፍሎቹን ትቼ እሱን ነው የማሳየው።

አሁን ግንቦት ነው። ትናንት ማታ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ ክዳኑን ከፈትኩ። ተከራዮቼ ከየክፍላቸው ወጥተው፣ አፍንጫቸውን ይዘው፣ አብረውኝ አጎንብሰው አዩ።