«500 በእጅ የተሳሉ የከተማ ካርታዎች» የሚለውን ጥቅል እንዳትገዙ

የራሳችሁን የፋንታሲ ዓለም ፈጥራችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ዲኤንዲም (ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ) ሆነ ሌላ የጠረጴዛ ሮልፕሌይ (እያንዳንዱ ሰው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ታሪኩን በጋራ የሚጫወትበት ጨዋታ) የምትጫወቱ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ካርዳችሁን እንዳታወጡ። ሰሞኑን በማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያው የሚዘዋወር አንድ ጥቅል አለ። «500 በእጅ የተሳሉ የመካከለኛው ዘመን ከተሞች፣ ለፖስተር የሚሆኑ፣ ሙሉ የንግድ ላይሰንስ (ለንግድ የመጠቀም ፈቃድ) ያላቸው» ይላል። ዋጋው «ለዛሬ ብቻ» 39 ዶላር ነው ይባላል። ማስታወቂያው ግን በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልወረደም።

የእኛ ቡድን አዋጥቶ ገዛው። ጌም ማስተራችን (ታሪኩን የሚመራው ሰው) ለካምፔይኑ (ለተከታታይ ጨዋታችን) አንዲት ትልቅ የወደብ ከተማ ያስፈልገው ነበር። ዚፕ ፋይሉ ሲከፈት የወጣውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ካርታ ደህና ይመስላል። ወንዙ በሰሜን ግንብ ገብቶ፣ ቤተ መንግሥቱን ዞሮ፣ በምሥራቅ ይወጣል። ትንሽ ወረድ ስትሉ «የበረሃ ከተማ» የሚል አለ። ወንዙ ያው ነው። መታጠፊያው ያው፣ ቤተ መንግሥቱም ያው። የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው፤ ምስሉም ተገልብጧል። ዝቅ ሲባል ደግሞ ያችው ከተማ ነጭ ተቀብታ «የበረዶ ከተማ» ሆናለች። ቀለሙንና አቅጣጫውን ወደ ጎን ስትተዉት፣ 500 የተባለው ቁጥር ሩብ እንኳ አይሞላም።

ከዚያ የባሰው ግን የሥራው ምንጭ ነው። ከከተሞቹ ከፊሎቹ የዋታቡ የከተማ ካርታ ማመንጫ ውጤቶች መሆናቸውን መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው ባንድ እይታ ይለያቸዋል። ዋታቡ በሚባል ስም የሚታወቅ ፕሮግራመር በ2017 ለሕዝብ ያቀረበው መሣሪያ ነው፤ በነፃ በብሮውዘር ይሠራል። ግንብ ይኑረው፣ ወንዝ ይለፍበት፣ ባሕር ዳር ይሁን፣ ከግንቡ ውጭ የድሆች ሰፈር ይኑር ብላችሁ ታዛላችሁ፤ ከተማው በሰከንድ ውስጥ ይወጣል። ውጤቱን ለንግድም ቢሆን መጠቀም ይቻላል፤ ባለቤቱ ፈቅዷል። ስለዚህ የጥቅሉን ሻጭ በመሸጡ ብቻ ሌባ አልለውም። ማሽን ያወጣውን «በእጄ ሳልኩት» ብሎ ገንዘብ መቀበል ግን ማጭበርበር ነው።

የቀሩት የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ምስሎች ናቸው። እነዚህ ለዓይን ያምራሉ፤ ጨዋታ ላይ ግን ጉድ ያደርጓችኋል። ተጫዋቾቻችን ከጠባቂዎች እየሸሹ ነበር። ሌባዋን የምትጫወተው ልጅ ጣቷን ካርታው ላይ አድርጋ «ይሄ መንገድ በየት በር ያስወጣል?» ብላ ጠየቀች። መንገዱ ግንቡ ላይ ደርሶ ያልቃል፤ በር የለም። ሌላውን ሞከረች፣ እሱም እንደዚያው። ድልድዩ ወንዙን አያቋርጥም፣ ከወንዙ ጎን ለጎን ተዘርግቷል። የሰፈር ስም የተጻፈ የሚመስለው ነገር ቀረብ ሲሉት የየትኛውም ቋንቋ ፊደል አይደለም። ጌም ማስተራችን ጨዋታውን አቁሞ በእርሳስ በሮች መሳል ጀመረ። ከተማ ውስጥ የሚደረግ ጨዋታ እኮ ሕይወቱ እዚህ ነው፤ የቱ በር ማታ ይዘጋል፣ የቱ ጓሮ ከየትኛው መንገድ ጋር ይገናኛል የሚለው ላይ። ያ ከሌለ የያዛችሁት ሥዕል ነው እንጂ ካርታ አይደለም።

«ለፖስተር የሚሆን» የተባለውም ውሸት ነው። የኤ2 መጠን ያለው ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) በጥራት እንዲታተም ምስሉ ወደ 4,960 በ7,016 ፒክስል መሆን አለበት። 1,024 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል በዚያው ጥራት ቢታተም 9 ሴንቲሜትር አይሞላም። ሻጩ ትንንሽ ምስሎችን ለጥጦ ትልቅ ፋይል አድርጓቸዋል። የፋይሉ ቁጥር ትልቅ ነው፣ ግንቡን አጉልታችሁ ስታዩት ግን ድንጋዩ ሁሉ የተለወሰ ጭቃ ነው።

ስለ ላይሰንሱም ተጠንቀቁ፣ በተለይ የራሳችሁን ታሪክ አሳትማችሁ ልትሸጡ ያሰባችሁ። ማንም በነፃ ሊያወጣው የሚችለውን ከተማ «ለእናንተ ብቻ» ብሎ ሊሸጥላችሁ አይችልም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮም በ2023 ባወጣው መመሪያ የሰው ፈጠራ የሌለበት የኤአይ ውጤት የቅጂ መብት እንደማያገኝ ገልጿል። እና ይህ ሰው የሚሰጣችሁ መብት ከየት መጣ?

ገንዘባችን ይመለስ ብለን ጻፍን። «ዲጂታል ዕቃ ስለሆነ አይመለስም» የሚል መልስ መጣ። ማስረጃ አያይዘን ደግመን ስንጽፍ የውሃ ሽታ ሆነ።

በጣም የሚያናድደኝ የእኛ 39 ዶላር ብቻ አይደለም። አንድን ከተማ ለቀናት ተቀምጠው፣ ጣሪያ በጣሪያ የሚስሉ ሰዎች አሉ። አንዱን ካርታ በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ። ዳይሰን ሎጎስ በሚል ስም የሚሠራው ሰዓሊ ደግሞ ከደጋፊዎቹ በሚያገኘው መዋጮ እየታገዘ እጅግ ብዙ ካርታ በነፃ ለቋል። እንዲህ ዓይነቱ ጥቅል የእነዚህን ሰዎች እንጀራ ነው የሚነጥቀው።

ከተማ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ቀጥታ ወደ ዋታቡ ሂዱ። በኤስቪጂ (ምስሉን በነጥብ ሳይሆን በመስመር በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) አውርዱት፤ ኤስቪጂ የፈለጋችሁትን ያህል ቢሰፋ አይደበዝዝም። ሙሉ አህጉር ካስፈለጋችሁ የአዝጋር ካርታ ማመንጫ አለ፣ እሱም ነፃ ነው፤ ካርታው ላይ ካሉት ከተሞች አንዱን ስትነኩ ወደ ዋታቡ ይወስዳችኋል። ራሴ ልሳል ለሚል ዎንደርድራፍት የሚባል የካርታ መሳያ ፕሮግራም አለ፤ አንዴ ከፍላችሁ የምትገዙት እንጂ በየወሩ የሚያስከፍል አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን እኔ የምወደው የእውነት ከተሞችን አሮጌ ካርታ ነው። ብራውንና ሆገንበርግ ከ1572 እስከ 1617 በኮሎኝ ያሳተሙት የከተሞች አትላስ ከ500 በላይ የከተማ ሥዕሎች አሉት። ያ ሻጭ በውሸት የጠራው ቁጥር እዚህ በእውነት አለ፣ የቅጂ መብቱም ጊዜው አልፏል። ጃምባቲስታ ኖሊ በ1748 ያወጣው የሮም ካርታ ደግሞ ለጌም ማስተር የተሠራ ነው የሚመስለው። የግል ቤቶቹ በጥቁር ተሞልተዋል፤ ሰው እንደልቡ የሚገባባቸው አብያተ ክርስቲያናትና ግቢዎች ግን ልክ እንደ መንገዱ ነጭ ሆነው ውስጣቸው ይታያል። የሚያመልጥ ተጫዋች የት መግባት እንደሚችል ካርታው ራሱ ይነግረዋል።

ሐረርንም አትርሱ። ጀጎል የሚባለው አሮጌው ክፍሏ በግንብ የታጠረ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት፣ 82 መስጊዶች በጠባብ መተላለፊያዎች መሃል የተበተኑበት፣ መንገዱ ሁሉ ወደ መሃል አደባባዩ፣ ወደ ፈረስ መጋላ የሚስብ ከተማ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ከፍታችሁ መንገዶቹን ገልብጡ፣ ስሞቹን ቀይሩ። ካሳተማችሁት ምንጩን መጥቀስ ግዴታ ነው።

የግድ መግዛት ካለባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ካርታ በሙሉ መጠኑ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። አልፈልግም ካለ ተዉት። ካሳየም ከአንድ በር ተነስታችሁ መንገዱን በጣታችሁ እስከ አደባባዩ ተከተሉት። የሰፈር ስምና ምስጢራዊ ቦታ የሌለበት የተጫዋቾች ቅጂ መኖሩንም አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ያዘጋጃችሁት ምስጢር ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል።

አከፋፈሉም ላይ ንቁ። ይህ ሻጭ በፔይፓል (በኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያ አገልግሎት) «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ ላኩልኝ፣ ቅናሽ አደርጋለሁ ይላል። በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም። በመደበኛው የዕቃ ክፍያ የከፈለ ግን «ዕቃው እንደተባለው አይደለም» ብሎ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አቤቱታ መክፈት ይችላል። ውጭ አገር ባለ ዘመድ ያስከፈላችሁ ካላችሁ፣ አቤቱታውን መክፈት ያለበት አካውንቱ በስሙ የሆነው ዘመዳችሁ ነውና ዛሬውኑ ደውሉለት። ከዚያ በፊት ግን «በእጅ የተሳሉ» የሚለውን ማስታወቂያ ስክሪንሾት አንሱ። እኛ ቅሬታ ካቀረብን በኋላ ቃሉን ከማስታወቂያው ላይ አጥፍቶታል።