የኒውዮርክ አርት ኳርቴት የመጀመሪያ አልበም፦ ሸክላ ወይስ ሲዲ?

ጃዝ የሚወዱ ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ ይዘውብኛል። የድሮውን ሸክላ እንግዛ፣ እንደገና የታተመውን ወይስ ሲዲውን? ሲዲውን ነው የምለው። ሸክላ ሰብሳቢዎች ከፈለጋችሁ ተቆጡኝ።

የጃዝ ቡድኑ ኒውዮርክ አርት ኳርቴት ብዙ አልቆየም። በ1964 ተሰባስበው (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በ1965 ማብቂያ ላይ ተበተኑ። ጆን ቺካይ በሳክስፎን፣ ሮዝዌል ራድ በትሮምቦን፣ ሉዊስ ወረል በቤዝ፣ ሚልፎርድ ግሬቭስ በከበሮ። ፒያኖ የለም። አልበሙ አራት ሥራዎች ብቻ አሉት፤ ብዙ ሰው የሚገዛው ግን ለሁለተኛው ነው። ያኔ ሊሮይ ጆንስ ይባል የነበረው አሚሪ ባራካ ግጥሙን የሚያነበው እዚያ ላይ ነው።

ችግሩም እዚያው ነው። ሸክላ ላይ መርፌው ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥር ድምፁ እየተበላሸ ይሄዳል። የባራካ ግጥም የሚገኘው ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የተጫወተ ሸክላ ከሆነ፣ ባራካ «ስ» ባለ ቁጥር ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ቸስ ይላል። የ1965ቱን የመጀመሪያ ህትመት በደህና ይዞታ ከ100 ዶላር በታች ማግኘት ከባድ ነው። ልግዛ ካላችሁ፣ ሻጩ የዚያን ገጽ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃ በስልኩ ቀድቶ ይላክላችሁ። እምቢ ካለ ተዉት።

እንደገና የታተመው ሸክላ ከ25 እስከ 30 ዶላር ነው፣ ፖስታው ሳይጨመር። ፖስታው አንዳንዴ የዕቃውን ግማሽ ያህል ይሆናል። የመሐል ቀዳዳው ትንሽ ዘንበል ካለ ረዣዥም ድምፆች ይዋልላሉ። ራድ ደግሞ ትሮምቦኑን መጎተት ይወዳል፤ የሚዋልለው እሱ ይሁን ቀዳዳው መለየት ያቅታችኋል።

ከሁሉ የባሰው ፎርጅዱ ነው። አልበሙን ያሳተመው ኩባንያ፣ ኢኤስፒ ዲስክ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሥራ አቁሞ ነበር። ከዚያ በኋላ በጣሊያንም በጀርመንም በፈቃድ የታተሙ አሉ፤ በእነሱ መሐል ኮፒውም ሾልኮ ይገባል። አንድ ጓደኛዬ 40 ዶላር ከፍሎ ያመጣውን አየሁት። የሽፋኑ ፎቶ ደብዝዟል፣ ትንንሾቹ ፊደላት እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ ቤዙ የለም ማለት ይቻላል። ከሲዲ የተገለበጠ ነው። ሲዲው እኮ 12 ዶላር ነው! መልሱልኝ ቢል የመመለሻ ፖስታውን ራስህ ቻል አሉት።

ሲዲው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። የገጽ መጨረሻ የሚባል ነገር ስለሌለው የባራካ ድምፅ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይሰማል። አዲስ አበባ ላለ ሰው ደግሞ መንገደኛ ኪሱ ከትቶ ያደርስለታል፤ ሸክላ ሻንጣ ውስጥ ተጣሞ ነው የሚደርሰው። የኢኤስፒ ዲስክ መሥራች በርናርድ ስቶልማን ኩባንያውን በ2005 እንደገና ከከፈተ በኋላ የወጣውን ፈልጉ። ያገለገለ ከሆነ 10 ዶላርም ይገኛል። ከ20 በላይ የሚጠራባችሁን እለፉት፣ ሌላ ይመጣል።

የተረፋችሁ ገንዘብ «ሞሃውክ» ላይ ይዋል። የዚያው የ1965 ሁለተኛ አልበማቸው ነው፤ ቤዙን የሚጫወተው ሬጂ ወርክማን ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ቤዙ ይሰማል።