«አልሸጥልሽም» ላሉኝ ፋርማሲስት

ሕፃኗ እቅፌ ላይ ተኝታ በአንድ እጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ከተዛነፈ ይቅር በሉኝ።

«አሜባ ነው» እየተባልኩ ስንት ጊዜ ኪኒን እንደዋጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ በኮሎኖስኮፒ፣ አንጀት ውስጥ በሚገባ ካሜራ ሲታይ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት ሆኖ ተገኘ። ሰልፋሳላዚን የሚባለውን የአንጀት መድኃኒት ጀመርኩ፤ ደሙም ቁርጠቱም ቆመ። ከዚያ አረገዝኩ። አማቴም ጎረቤትም «ነፍሰ ጡር ኪኒን አትውጥም» ሲሉኝ ለሐኪሜ እንኳ ሳልነግር ተውኩት። በአራተኛው ወር ደሙ ተመለሰ፣ ጉልበቴንም ያዘኝ። ለጉልበቴ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ልገዛ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ ፋርማሲ ገባሁ።

ሴትዮዋ ሆዴን አዩና «ስንት ወርሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። «ይሄንን አልሸጥልሽም። ለልጁም ለአንጀትሽም አይሆንም» ብለው ብሬን መለሱልኝና ወንበር አወጡልኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰው ሲያጉረመርም እኔ ተሳቀቅሁ፤ እሳቸው ግን ጉዳያቸውም አልነበረም።

ልጁን ይበልጥ የሚያሰጋው ሰልፋሳላዚኑ ሳይሆን የተቀሰቀሰው ሕመም እንደሆነ ነገሩኝ፤ ያለጊዜው መውለድን፣ ክብደቱ ያነሰ ልጅን ሊያመጣ ይችላል። «ሁሉም የአንጀት መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም፤ ሜቶትሬክሴት ቢሆን ገና ሳታረግዢ ወራት ቀደም ብሎ መቆም ነበረበት» አሉኝ። ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝን የብረትና የፎሊክ አሲድ (ለፅንሱ የሚያስፈልግ ቫይታሚን) ኪኒን ሲያዩ ፎሊክ አሲዱ 0.4 ሚሊግራም ብቻ ነው። ሰልፋሳላዚን ፎሊክ አሲድ በደንብ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ በቀን 2 ሚሊግራም ያስፈልጋል አሉ። እዚያው ቆሜ ሐኪሜ ጋ ደወሉ። ሐኪሜም በማግስቱ አይቶኝ መድኃኒቱን መለሰልኝ፣ ፎሊክ አሲዱን ጨመረ፣ ለጥቂት ሳምንታትም የተቀሰቀሰውን ሕመም የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን አዘዘልኝ፤ እሱም በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የቆመው።

አንድ ቀን ደግሞ ሰገራዬ ጠቁሮ ስደውልላቸው ሳቁብኝ። «የብረቱ ኪኒን ነው፤ ቀይ ካየሽ ግን ለእኔ ሳይሆን ለሐኪምሽ ደውዪ።»

ሰልፋሳላዚን ከገበያ ሲጠፋ የእኔን ስም ደብተራቸው ላይ ጽፈው፣ ሲገባ ራሳቸው ይደውሉልኝ ነበር። በ38 ሳምንት ወለድኩ፤ 2.9 ኪሎ፣ ጩኸቷ ግን የአምስት ኪሎ።

ስማቸውን እንድጽፍ አልፈቀዱም። እንዲህ ያለ ሕመም ይዟችሁ ያረገዛችሁ ወይም ልታረግዙ ያሰባችሁ ካላችሁ አድራሻውን በውስጥ መስመር እልካለሁ። ወረፋ አለ፣ ምሳ ሰዓት ይዘጋሉ፣ እሁድ የሉም። የሐኪም ማዘዣችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለሱ ፓራሲታሞል እንኳ ከጥያቄ አያመልጥም።