«ለወንድሜ ነው» ብዬ ያሰፋሁት ሸሚዝ

በሐረር ጀጎል ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ደጃፍ ላይ ከተደረደሩት የስፌት መኪኖች ድምፅ ነው። ጨርቁን ከዚያው መንገድ ገዝቶ፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ ለሰፊ ሰጥቶ፣ ሻይ እየጠጡ መጠበቅ ለአካባቢው ሰው ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ለአንድ ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ከድሬዳዋ ተመላልሻለሁ። ከዚህ በታች የምገመግመው ያንን ሸሚዝና የሰፉልኝን ሽማግሌ አገልግሎት ነው። ሱቁ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ቅሬታ ስላለኝ ሳይሆን፣ ሰውየውን ባልጠሩት ጣጣ ውስጥ ላስገባቸው ስለማልፈልግ ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ልብስ ሰፊ አልጠፋም። የሰፈራችን ሰፊ ግን እናቴን ያውቃል፤ የደንብ ልብሴን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሰፋው እሱ ነው። ዕድሜዬ 37 ነው፤ በሴት ስም አድጌ፣ በሴት ስም ተምሬና ተቀጥሬ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ወንድ መሆኔን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ጉንፋን ድምፄን አጎርንኖት በነበረ ሰሞን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ስለ ሰነድ ሊጠይቅ ቢሮ ደውሎ «ስማኝ ወንድሜ» አለኝ። ማረም ነበረብኝ፤ አላረምኩም። ሰውየው ሩብ ሰዓት ያህል «አንተ» እያለ አወራኝ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሌላው ሰው የዕቁብ ዕጣ ሲወጣለት የሚሰማውን ዓይነት ደስታ ተሰማኝ፤ ከዚያም ደስታው ራሱ አስፈራኝ። ጉንፋኑ ሲለቀኝ ማዘኔን ለማን እነግራለሁ?

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት የያዘኝ ጥርጣሬ፣ እንዲህ ያለው ነገር በልጅነት ካልታወቀ እውነት ሊሆን አይችልም የሚለው ነበር። እኔ ከወንዶች ጋር ኳስ ያልተጫወትኩ፣ ቀሚስ ሲገዛልኝም ያላለቀስኩ ልጅ ነበርኩ። ይሁን እንጂ ትራንስጀንደር መሆናቸውን፣ ማለትም ፆታቸው ሲወለዱ ከተባለላቸው የተለየ መሆኑን፣ በጎልማሳነት፣ እንዲያውም በሽምግልና የተረዱ ሰዎች ብዙ እንደሆኑ፣ ቃሉን ሳያውቁ የኖሩ ሰዎች ስሜቱን በድካም፣ በመሰልቸት ወይም በዓይን አፋርነት ስም ሲጠሩት እንደሚቆዩ ቀስ በቀስ አነበብኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባው ጉዳዩን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ማውጣቱን ሳነብ ደግሞ፣ ራሴን እንደ በሽተኛ ስጠብቅ የነበርኩበት ጥበቃ ትንሽ ላላልኝ።

አሁን ወደ ሸሚዙ ልምጣ። ከገበያ የሚገዛ የወንድ ሸሚዝ ለእኔ አይሆንም፤ ትከሻው ሲስማማ ዳሌው ላይ ይጠባል፣ ዳሌው ሲስማማ ትከሻው ክንዴ ላይ ይወርዳል፣ ደረቱ ላይም በቁልፎቹ መካከል ይከፈታል። መጀመሪያ መፍትሔ ያደረግሁት ደረቴን በፋሻ ማሰር ነበር። ይህን ማንም እንዲሞክረው አልመክርም። የሚለጠጥ ፋሻ ሰው በተነፈሰ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ የጎድን አጥንትንም ሊጎዳ ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው ጠባብ የውስጥ ልብስ እንኳ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳይለበስና ተለብሶ እንዳይተኛበት ይመከራል። በድሬዳዋ ሙቀት ላይ ሲጨመርበትማ፣ አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ መሀል ዓይኔ ጨልሞብኝ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ። በልክ የተሰፋ፣ ደረትን የማያጋልጥ ሸሚዝ የፈለግሁት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ሽማግሌው ደንበኞቻቸው «ሀጂ» የሚሏቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። «ለወንድሜ ነው» አልኳቸው። እንዲህ ያልኩት አፍሬ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት እንጂ ሰው ራሱን ወንድ ወይም ሴት ብሎ ስለማወቁ አይደለም፤ ሰዉ ግን ሁለቱን አይለይም፣ ለመለየትም አይቸኩልም። ሀጂ የወንድሜን አሮጌ ሸሚዝ ለናሙና እንዳመጣ ጠየቁኝ። የለም አልኩ፤ ቁመናችን አንድ ስለሆነ በእኔ ይለካ አልኩ። ሜትሩን አጠገባቸው ለተቀመጠችው የልጅ ልጃቸው ሰጧትና እሷ እየለካች ስትጠራ እሳቸው ዓይናቸውን ከደብተራቸው ሳያነሱ ጻፉ። የደረቱ ቁጥር ሲጠራ እርሳሳቸው ትንሽ ቆመ። ከዚያም «ወንድምዎ ደረታቸው ላይ ሁለት ክዳን ያለው ኪስ ቢሆንላቸው ይከፋቸዋል? ጨርቁ ደልደል ብሎ ይቀመጥላቸዋል» አሉኝ። አይከፋውም አልኩ።

ስለ አገልግሎቱ ከሁሉ በፊት ማመስገን የምፈልገው አንቱታውን ነው። አማርኛ ሰውን ባነጋገረ ቁጥር ወንድ ወይም ሴት ብሎ ይመድባል፤ «ና» ወይም «ነይ» ሳይባል መጠራት አይቻልም። እኔ ስለ ራሴ ስናገር ግሡ ምንም አይገልጥብኝም፤ «ሄድኩ»፣ «በላሁ» ማለት ለሁሉም አንድ ነው። ሌላው ሰው አፉን ሲከፍት ግን ይፈረድብኛል። «እርስዎ» ብቻ ነው ከዚህ ነፃ የሚያወጣው። ሀጂ በዚያው ሰዓት ከአንድ ገበሬ ጋር በአፋን ኦሮሞ ሲነጋገሩ «አቲ» ይሉት ነበር፤ ያ ቃል ለወንድም ለሴትም አንድ መሆኑን ድሬዳዋ ተወልጄ አድጌ፣ በየቀኑ እየሰማሁት፣ ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው። በዕድሜ ልጃቸው የምሆነውን እኔን «አንቺ» ቢሉኝ የሚገርመው አልነበረም፤ አንድ ጊዜም አላሉኝም።

ሥራውን በተመለከተ ግን ጉድለት አለ። በሦስት ቀን ይደርሳል የተባለው ሸሚዝ በአሥረኛው ቀን ስሄድ ገና ቁልፍ አልተተከለለትም ነበር፤ ምክንያቱ ሠርግ በዝቶ ነው ተባለ፤ ደውሎ መናገር ግን ሠርግ አይከለክልም። ለሚኒባስ የወጣው ገንዘብ ሳይቆጠር ማለቴ ነው። በዚያው በሁለተኛው ጉዞዬ ኮሌታውንም ጠብቦ አገኘሁት። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ፈትተው ሠሩልኝ፤ ይህም ሦስተኛ ጉዞ አስከተለ። ለስፌቱ 600 ብር ከፍያለሁ፤ ጨርቁን ለብቻው ገዛሁ። ጥጥ የሚበዛበት፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ በቀጭኑ የተሰመረ ሲሆን፣ መስመሩ በኪሶቹ ላይ ሳይዛነፍ ከደረቱ ጋር ገጥሞ መሰፋቱ የእጃቸውን ጥራት ያሳያል። ለጡት ተብሎ የሚያዘው እጥፋት የለበትም፤ ስፋቱን በጀርባና በጎን አካፍለው አስገብተውታል። ካጠብኩት በኋላም አልተኮማተረም። ቁልፎቹ እንደ ማንኛውም የወንድ ሸሚዝ በቀኝ በኩል ናቸው። በግራ ለ37 ዓመት የለመደው እጄ እስካሁን ይደናገራል፤ በየጠዋቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሳስቼ ስቆልፍ እንደ ልጅ እስቃለሁ።

ሸሚዙን ወደ ሥራ ለብሼው አላውቅም፤ ቤቴ ውስጥና ማንም ወደማያውቀኝ ስሄድ ነው የምለብሰው። መታወቂያዬ ላይ የተጻፈው ፆታ እዚያው እንዳለ ነው፤ ለእናቴም ገና አልነገርኩም። ከዚህ አንጻር አንድ ልብስ ሰፊ ያደረገልኝን ማጋነን አልፈልግም። ቢሆንም ደረቴን ሳላስር፣ ሳላልበኝ፣ ጎብጬ ሳልሄድ ከፈላና በር እስከ ኤረር በር ጀጎልን አቋርጬ የሄድኩት በዚህ ሸሚዝ ነው።

በመጨረሻው ቀን ሀጂ ሸሚዙን አጣጥፈው በፌስታል ሲሰጡኝ «በጤና ይልበሱት» አሉኝ። «ይልበሱት» ለእርስዎም ለእሳቸውም አንድ ነው፤ ምርቃቱ ለወንድሜ ይሁን ለእኔ፣ ሚኒባሱ ደንገጎን እስኪወርድ ድረስ ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ። አልጠየቅኋቸውም። ለሱሪ የሚሆን ካኪ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ በዚህኛው ዙር ግን ከመነሳቴ በፊት ደውዬ ማለቁን አረጋግጣለሁ።