አይጥ ሰከንድን እንዴት ትለያለች? የሁለት ሙከራዎች ንጽጽር

አይጥ የጊዜን ርዝመት መለየት መማሯን ለመፈተሽ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንደኛው ምርጫ፣ ሌላኛው ጥበቃ ነው።

በምርጫው ዘዴ አይጧ የ2 ሰከንድ ምልክት ስታይ አንዱን ማንሻ፣ የ8 ሰከንድ ሲሆን ሌላውን ከተጫነች ምግብ ታገኛለች፤ ይህን ከለመደች በኋላ በመካከል ያሉ ርዝመቶች ይቀርቡላታል። ተመራማሪዎቹ ቸርችና ዴሉቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት፣ የአይጦቹ ምርጫ እኩል የተከፈለው ብዙዎቻችን እንደምንገምተው በ5 ሳይሆን በ4 ሰከንድ አካባቢ ነበር፤ 4 የ2 እጥፍ፣ 8 ደግሞ የ4 እጥፍ በመሆኑ፣ እንስሳቱ የሚያመዛዝኑት ልዩነትን ሳይሆን ንጥጥርን ይመስላል።

በጥበቃው ዘዴ ማንሻው አንድ ነው። ምልክቱ ከጀመረ 20 ሰከንድ ካለፈ በኋላ የምትጫነው የመጀመሪያው ጫና ምግብ ያስገኛል፤ አልፎ አልፎ ግን ምግቡ ሆን ተብሎ ይቀራል። የእነዚህ ባዶ ዙሮች አማካይ ሲሠራ ጫናው እስከ 20ኛው ሰከንድ ግድም እየጨመረ ሄዶ ይቀንሳል፤ ጊዜው 40 ሰከንድ ሲሆን ደግሞ ጫናዎቹ በጊዜ ላይ የሚሰራጩበት ስፋትም በዚያው መጠን ይጨምራል።

የምርጫው ዘዴ ውሳኔዋን ብቻ ሲያሳይ፣ ይህኛው መጫን የጀመረችበትንና ተስፋ የቆረጠችበትን (ቃሉ የእኛ እንጂ የእርሷ ባይሆንም) ሰዓት ስለሚመዘግብ፣ እኔ የማደላው ለጥበቃው ነው።